ከየአሥሩ አንድ

በ1971 ዓ.ም. ክረምት ከራስ መኮንን ድልድይ በታች በነበረ አንድ እስር ቤት ተስቦ ገባ። ቤቱ ድሮ መጋዘን ስለነበር በቂ መስኮት የለውም፤ እስረኛው ተደራርቦ ይተኛበታል። እስረኞች ሲሞቱ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁለት ጠባቂዎች ሲታመሙ ግን የበላዮቹ ደነገጡና በሽታው ማንን እንደሚያጠቃ የሚያጠና የስታቲስቲክስ ባለሙያ እንዲላክ አዘዙ። የተላከችው የሺዓለም ነበረች።

የሺዓለም ከእናቷ ጋር አፍንጮ በር የምትኖር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። የእስር ቤቱ አዛዥ ሻምበል አብርሃ ቢሮው አስቀምጧት ደንቡን ነገራት። ከየአሥሩ እስረኛ አንዱን አስጠርታ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጤናውና ስለ ምግቡ መጠየቅ ትችላለች። ስምና የታሰረበትን ምክንያት መጠየቅ ክልክል ነው። ያየችውን ውጭ ብታወራ ደግሞ እሷም ከሚቆጠሩት አንዷ ትሆናለች። ይህን ሲላት ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተሰጣት፤ አንድ ጠባቂ ጠመንጃውን ይዞ ከጀርባዋ ቆመ። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን ጺሙ የተንዠረገገ፣ እግሩን የሚጎትት ሰው መጥቶ ፊቷ ተቀመጠ። ቀና ብላ አየችው። ጎረቤቷ እምሩ ነበር።

እምሩ ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የብረት ፊደላትን የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ነበር። አምና ከሥራ ሲወጣ ተያዘ። ሚስቱ አዳነች ሌላ እስር ቤት ስንቅ ስታመላልስ ከርማ አንድ ቀን በሩ ላይ፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። አዳነች ጸጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለበሰች። ለቅሶ መቀመጥ ስለተከለከለ ጎረቤቱ ክብሪት ሊበደር የመጣ እየመሰለ፣ አንድ በአንድ ገብቶ አልቅሶላት ወጣ። የሺዓለምም አልቅሳለታለች። ለካ ወደዚህ አዛውረውት ኖሯል።

እሱም አወቃት፤ ወዲያው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ዕድሜውንና ሥራውን ጠየቀችው። ከቤት ምግብ ይመጣለት እንደሆነ ስትጠይቀው እንደማይመጣለት ተናገረ። ጥያቄውን ዓይኗን ሳታነሣ ከወረቀቱ ላይ ታነባለች።

«ልጆች?»

«ሁለት» አለ። «ስያዝ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። በሰላም ትገላገል አትገላገል አላውቅም» ሲል ጨመረ።

«ባጭሩ መልስ!» አለው ጠባቂው።

የሺዓለም ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች። እየጻፈች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ልጆች ሦስት። ትንሿ ሴት፣ ስምንት ወር። እናት ጤነኛ» አለች።

እምሩ በሁለት እጁ ጉልበቱን ጨምድዶ ያዘ። ጠባቂው ከጀርባዋ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ።

«እሱ የማያውቀውን አንቺ በምን አወቅሽ?»

«መጠይቁ ባዶ ቦታ አይቀበልም» አለች ሳትዞር። «ያልታወቀውን በግምት እንሞላለን። የሚቀጥለው ይግባ።»

ለጠባቂው የሰጠችውን ምክንያት እውነት ለማስመሰል ከዚያ በኋላ ለገቡትም ሁሉ እንዲሁ አደረገች። አላውቅም ላላት ሽማግሌ ደህና የልጅ ልጅ ጻፈችለት። አንድ ወጣት እናቱ ትኑር አትኑር እንደማያውቅ ሲነግራት «እናት ጤነኛ» እያለች ሞላች። ልጁ ወሬ ያመጣችለት መስሎት ፊቱ በራ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሏት ተነሣ። ልታርመው አፏን ከፈተች፤ ጠባቂው ቆሟል፤ መልሳ ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ሻምበሉ አስጠራት። ወረቀቶቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ ገለጠ።

«የፊደል ለቃሚው ሚስት ጤነኛ መሆኗን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ያልታወቀ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚመልሰውን እንጽፋለን።»

የሽማግሌውን አነበበ፤ የወጣቱን አነበበ። «ለሁሉም ደህና ደህናውን ነው የምትገምቺው።»

«ከሞቱት ያሉት ስለሚበዙ ነው» አለች።

 ሻምበሉ ወረቀቶቹን ገፋ አድርጎ መለሰላትና በእጁ ወደ በሩ አመለከታት። ፒያሳን አቋርጣ ቤቷ ገባች።

ያን ቀንም ማግስቱንም በአዳነች ደጅ አንገቷን ደፍታ አለፈች። በሦስተኛው ቀን ግን አልቻለችም። አዳነችን ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«እትዬ አዳነች፣ የምነግርሽን ሰምተሽ እንዳትጮኺ። እምሩ አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

አዳነች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ ሲመለስላት ነገ በጠዋት ስንቅ ይዛ እንደምትሄድ ተናገረች። የሺዓለም እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት። ብትሄድ ማን እንደነገራት ይታወቃል፤ የሺዓለም ብቻ ሳትሆን እሱም ይጠፋል። የሚጻፈው ጥናት በሩን ለስንቅ ሊያስከፍት እንደሚችል ነግራ፣ እስከዚያው ዝም እንድትል አስማለቻት። አዳነች ጥቁሩን ሳታወልቅ፣ የሚያጽናኗትን ሁሉ አሜን እያለች ከረመች። ተስቦው በየቀኑ ሰው እንደሚወስድ ከየሺዓለም ሰምታ እያወቀች ነው እንዲህ የከረመችው።

የሺዓለም ሪፖርቱን ከመጻፏ በፊት የገመተችውን ሁሉ ሰረዘች። የወጣቱን «እናት ጤነኛ» የሰረዘችው መጨረሻ ላይ ነው። የቀረው ቁጥር ግን ግልጽ ነበር። ከቤት ምግብ ከሚመጣላቸው ይልቅ የማይመጣላቸው ሦስት እጥፍ ታመዋል። ስለዚህ ለሁሉም ስንቅ እንዲገባ፣ ማን የት እንደታሰረም ለቤተሰብ እንዲነገር ሐሳብ አቀረበች። አለቃዋ አቶ ወልደሥላሴ የመጨረሻዋን መስመር እንድታወጣ ለመኗት። እሷም ሰዉ የታሰረበትን ካላወቀ ስንቁን ማን ያመጣል ብላ ጠየቀቻቸው። ፊርማቸውን ለማኖር ብዙ አመነቱ። በመካከሉ ከታመሙት ጠባቂዎች አንዱ ሞተ፤ አቶ ወልደሥላሴ ፈረሙ፤ ከላይም ትእዛዝ መጣ።

መስከረም ላይ በሩ ተከፈተ። «አታምጪ» የተባለች ሁሉ ከየሰፈሩ ስንቋን ይዛ መጣች፤ ሰልፉ ድልድዩ ድረስ ተዘረጋ። የሺዓለም ከማዶ ቆማ ታያለች። የእምሩ ስም ሲጠራ አዳነች ሕፃኗን አዝላ ወደፊት ወጣች፤ አገልግሉን ሰጠች፤ ለሌላ ቀን የሚያገለግላትን ካርድ ተቀበለች። ብዙ ስም ግን አልተጠራም። ያልተጠራላቸው እናቶች ስንቃቸውን ታቅፈው፣ ስሙ ተዘልሎ ይሆናል በሚል ተስፋ አልነቃነቅ አሉ። አዳነች በመካከላቸው ስታልፍ ደስታዋን እንዳያዩባት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እምሩ የተፈታው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።