አራተኛው ተረኛ

ጠዋት በወታደራዊ ካምፓችን ሰርቪስ ሥራ ገባሁ። ከሮብ ገበያ ከተማ በኩል የሚመጣው ብርድ ስላልለቀቀ ሹራቤን ሳላወልቅ የጨረታውን ሰነድ አነበብኩ። የካምፑ የግዥ ባለሙያ ነኝ። ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ ክፍላችን የምንገዛው፣ ክላውድ ላይ ማለትም በኢንተርኔት በሩቅ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር የዚያን ዕለት የመጨረሻ ሙከራ ነበረው፤ ካለፈ ውሉ ይፈረማል። ጥሪ ሲመጣ የተረኞቹን ስልክ ያስጮኻል፤ ሁሉም መድረሳቸውን ሲያረጋግጡ ሾፌሩ እንዲነሣ ያዝዛል።

«ክላውድ ደመና ማለት አይደል?» አለ የክፍሉ ኃላፊ አምሳ አለቃ አንሙት። «ጮቄ ተራራ ላይ ሞልቶልን ምን አስገዛን?»

«የእናንተው ዝናብ ብቻ ነው የሚያወርደው» አለ ከሻጩ ድርጅት የመጣው ፍሥሐ።

«ያንተው ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይወርድ ይሆናል!»

«አይወርድም» አልኩ። «ኔትወርክ ሲቋረጥም እንዲሠራ በሰነዱ ላይ አስገብቻለሁ። ትናንት መስመሩን ነቅለን ሞክረነዋል።»

ፍሥሐ የጥሪውን ቁልፍ ተጫነ። ሦስት ሰዎች ሮጠው የእሳት አደጋ መኪናው ላይ ወጡ። መኪናው ግን አልተነሣም፤ ስክሪኑ አራተኛ ተረኛ ይጠብቃል።

«እንዳላማው ማነው? ምነው ስልኩን አያነሣም?» አለ ፍሥሐ።



እንዳላማው ባለቤቴ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የመጋዘን እሳት ሊያጠፋ ገብቶ አልወጣም። ጓዶቹ በየሳምንቱ የተረኞችን ሰሌዳ ሲያጠፉና ሲጽፉ የእሱን ስም ግን ሳያጠፉ ይዘሉታል። አንሙት ስሞቹን ከሰሌዳው ወደ ሶፍትዌሩ ሲገለብጥ የእሱንም አስገብቶታል።

«ማርዬ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ። «እጄ እንዴት ብሎ ይዝለለው?»

«ስሙ ይቆይ፤ ሲስተሙ እንዳይጠብቀው ማድረግ እችላለሁ» አለ ፍሥሐ፣ ነገሩ ሲገባው።

«አይሆንም» አልኩ። «ነገ አዲስ አዛዥ ይመጣል። አራት ስም ካየ አራት ሰው አለኝ ብሎ እሳት ውስጥ ያስገባቸዋል።»

«እሺ፣ እኔ ላጥፋው?» አለ ፍሥሐ።

«ተወው፤ እኔ አጠፋዋለሁ።»

አጠፋሁት። ጥሪው እንደገና ተሰማ፤ መኪናው ወዲያው ተነሥቶ ከግቢው ወጣ።

«ሰሌዳውስ?» አለ አንሙት፣ ቀስ ብሎ።

«እሱም ይስተካከል። ሁለት ቦታ የተለያየ ነገር አይጻፍ።»

ከሰዓት በኋላ ሙከራው ማለፉን ጽፌ ለውል አቀረብኩ። ጥሩ ግዥ ነው፤ ዛሬም እሟገትለታለሁ።

በተረኞች ክፍል የእንዳላማው ስም የለም።