የታጠበው ስፖንጅ

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሾፌሩ ቤቱን ልክ እንደ አውቶቡሱ ያዘው። ጡረታ ከወጣ ቢቆይም ሰፈሩ እስከ ዛሬ ሾፌሩ ነው የሚለው። በደጉ ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ የለውዝ ልጣጭ ካየ ተሳፋሪውን ሁሉ በመስታወት እየገላመጠ የሚነዳ ሰው ነበር። አሁንም ገና ከአልጋው ሲወርድ ወለሉን ይወለውላል፤ የወለወለውን መልሶ ይወለውላል። እጁ ሥራ ከፈታ ሐሳብ ይመጣል፤ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ እሷ ትመጣለች።

የማይነካው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳሎን መስኮቱ ሥር ያለው የዓሣ ገንዳ። እሱ የሷ ግዛት ነው። "አንተ መሪህን ያዝ፣ ዓሣዎቼን ለኔ ተው" ትለው ነበር። ሁሉንም በየስማቸው ትጠራቸዋለች፤ አብልጣ የምትወዳት ግን ረጅም ጭራዋን እየጎተተች የምትንጎራደደዋን ብርቱካናማ ዓሣ ነው። "ቀበጧ" ነበር የምትላት። እጇን ውሃው ውስጥ ስትከት ቀበጧ እየተውረገረገች መጥታ ጣቶቿን ትለክፋለች።

አንድ ጠዋት ሾፌሩ ሳሎን ሲገባ ቤቱ ጭር አለበት። ቀን ከሌት ሲያንሾካሹክ የኖረው የውሃ ማጣሪያ ቀጥ ብሏል። ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ፤ በጣቱ ቆረቆረው። ሞተሩ ተቃጥሏል።

ማጣሪያውን ከገንዳው አውጥቶ፣ ካፖርቱን ደርቦ ዓሣ ወደሚሸጥበት ሱቅ ገሰገሰ። ባለሱቁ ማጣሪያውን ሲያየው ወዲያው አወቀው።

"ባለቤትዎስ ጋሼ? ምነው ጠፉብን?"

"አርፋለች" አለ ሾፌሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ቃሉን ራሱ በአፉ ያወጣው። እስከዚያን ቀን ሌሎች ነበሩ የሚሉለት። ባለሱቁ ደንግጦ አጽናናው፤ አዲስ ማጣሪያ አወረደለት፤ አሮጌው ውስጥ ስላለው ስፖንጅም አደራ እያለ ብዙ ተናገረ። "አይጣሉት፣ አይጠቡት፣ እንዳለ አዲሱ ውስጥ ይክተቱት" ነበር ነገሩ። ሾፌሩ "እሺ፣ እሺ" ይላል እንጂ "አርፋለች" የምትለዋ ቃል ጆሮው ላይ ተደቅና ሌላ አላስገባ አለችው።

ቤት ገብቶ እጅጌውን ሰበሰበና የተቃጠለውን ማጣሪያ ፈታ። ስፖንጁ ጥቁር ሆኗል፤ ያሟልጫል፤ የረግረግ ሽታ አለው። በመጨረሻዎቹ ወራት ባልዲ ማንሳት አቅቷት እንደነበር ትዝ አለው። "ደክሟት ነው እኮ! እኔ ሰውዬው እዚሁ ተጎልቼ!" አለ ብቻውን።

ስፖንጁን ቧንቧ ሥር አድርጎ እየጨመቀ አጠበው፤ ጥጥ መሰለ። ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ አቆይቶ የገንዳውን ጠጠርም እያሸ አጠበ። አዲሱን ማጣሪያ መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ስፖንጁን ከቶ፣ ውሃውን ሞልቶ ሶኬቱን ሰካ። ውሃው ኩልል አለ።

"አየሽ?" አላት፣ የሌለችውን።

ጥቂት ቀን ደስ ብሎት ሰነበተ። ከዚያ ዓሣዎቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። የራባቸው መስሎት ምግብ ጨመረላቸው። አንዱ ሞተ፤ ሌላው ተከተለ። ይሄኔ ለሴት ልጁ ደወለ።

ልጁ ከሥራ ቦታዋ በቀጥታ መጣች። በገንዳው ውሃ አሳልፋ ማጣሪያውን አየችና ወደ አባቷ ዞር አለች።

"አባዬ፣ ስፖንጁን ምን አደረግከው?"

"አጠብኩታ! እንዴት አርጌ! ያ ሁሉ ቆሻሻ..."

ዓይኗን ጨፈነች። "እማዬ በገንዳው ውሃ ለቅለቅ ብቻ ነበር የምታደርገው። ከዓሣዎቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ የሚያጸዱት ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። የሚኖሩት እዚያ ጥቁሩ ውስጥ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድላቸዋል።"

"ደክሟት የተወችው መስሎኝ" አለ።

ልጁ ልትቆጣው የከፈተችውን አፏን ዘጋች። ወደ ሱቁ ሮጣ ከባለሱቁ ገንዳ የወጣ ቆሻሻ ስፖንጅ በላስቲክ ይዛ ተመለሰች። ውሃውን በጀሪካን ባደረ ውሃ ቀየሩ፤ ስፖንጁን ከተቱ። ቀበጧ ግን በጎኗ ተጋድማ ነበር። ሾፌሩ ሳያስበው እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። እየተንገዳገደች መጥታ ጣቶቹ መሃል ተጠጋች። አፏ ከፈት ከደን አለ፤ ከዚያ ቀረ።

ሚስቱ የተቀበረች ቀን እንግዳውን ሁሉ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ሲል የዋለ ሰው ነው። እንባ አልወጣውም ነበር። አሁን ክንዱ እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ እንዳለ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

"እኔ ነኝ የገደልኳት!"

"አባዬ፣ እማዬን በሽታ ነው የወሰዳት።"

"ዓሣዋን ነው ያልኩሽ" አለ። ውሸቱን ነበር።

የተረፈው አንድ ብቻ ሆነ፤ ገንዳው ወለል ላይ ተለጥፎ የሚውል፣ መልከ ጥፉ፣ ሾፌሩ ስሙን እንኳ የማያውቀው። ልጁ "እኔ ጋ ልውሰደው? ላንተ ሥራ ይበዛብሃል" አለችው።

ያን ሁሉ ዘመን ሚስቱ እዚህ መስኮት ሥር ስትጎነበስ እሱ ከወንበሩ ሆኖ ጀርባዋን ሲያይ ነው የኖረው። አንድ ቀን እንኳ ጠጋ ብሎ ምን እንደምትሠራ አልጠየቃትም።

"ተይው" አለ በመጨረሻ፣ ወንበሩን ወደ ገንዳው እየሳበ። "ይልቅ እሷ እንዴት ታደርግ እንደነበር አሳዪኝ።"