የጋለ ፍሬን

ሹፌሩ እንግዳው ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ድንች የጫነው አይሱዙ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር የሚወስደውን ቁልቁለት ይዞ ነጎደ።

«ምንድን ነው?» አሉ አማቱ እማማ አዛለች። ምጥ የያዛትን ልጃቸውን ሰርካለምን አቅፈው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል።

እንግዳው ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም እንደምንም ወደ አንደኛ መለሰው። ሞተሩ አጓራ። የእጅ ፍሬኑን ስቦ መኪናውን በመንገዱ ዳር ወደተከመረው ጠጠር አስገባው። ጠጠሩ ጎማዎቹን ውጦ አዘገማቸው፤ በመጨረሻም አቆማቸው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው።

«ደረስን?» አለች ሰርካለም፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ትንሽ ቀርቶናል፣ ዓለሜ።»

ወርዶ ከጎማዎቹ ስር ድንጋይ አደረገ። ከኋላ ጎማዎቹ ጢስ ይወጣል። ይህን ቁልቁለት ሁልጊዜ የሚወርደው በሁለተኛ ማርሽ፣ መኪናውን ሞተሩ እንዲይዘው እያደረገ ነበር። ዛሬ ግን የጤና ጣቢያው አዋላጅ «ልጁ ተጋድሟል፤ ጎንደር ሆስፒታል ሄዳ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። አምቡላንሷ ደግሞ ሌላ ወላድ ይዛ ወጥታለች» ስትለው ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ ተነሳ። ሚስቱ ባቃሰተች ቁጥር ፈጠነ፤ በፈጠነ ቁጥር በየኩርባው ፍሬኑን አብዝቶ ረገጠ። ሸራው ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ጋለ፤ የፍሬን ዘይቱም ፈላና ፍሬኑ መያዙን ተወ።

«ምነው ቆምህ? ሂድ እንጅ!» አሉ እማማ አዛለች በመስኮቱ።

«ፍሬኑ ይቀዝቅዝ፣ እማማ።»

«ውኃ አድርግበት! ጀሪካኑ ሙሉ አይደለም?»

«እንዲህ እንደጋለ ውኃ ከነካው ብረቱ ይሰነጠቃል። ያኔ ጨርሶ መሄጃ የለንም።»

«ታዲያ እስኪቀዘቅዝ ምን እናድርግላት?»

«ምንም» አለ እንግዳው። ቃሉ ራሱን አስደነገጠው።

ሰው የሞላው ሚኒባስ ከላይ ብቅ ሲል መንገዱ መሐል ገብቶ እጁን አወናጨፈ። ሹፌሩን መልካሙን ያውቀዋል።

«ምን ገጠመህ፣ አያ እንግዳው?»

«ሰርካለም ምጥ ላይ ናት። ፍሬኔ ከዳኝ።»

ተሳፋሪዎቹ ማንም ሳያዛቸው ተነሱ፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ የኋላውን ወንበር ለቀቁላት። ሰርካለምን ተሸክመው አስገቧት፤ እናቷም ተከተሏት። ለእንግዳው መቆሚያ እንኳ አልተረፈም።

«መልካሙ!» አለ በሩ ሲዘጋ። ፍጠን ሊለው ነበር። «ኩርባው ላይ ቀስ በል።»

ሚኒባሱ ከዓይኑ ተሰወረ። እንግዳው ጎማው አጠገብ ቁጭ አለ። ብረቱ ላይ እንትፍ ሲል ምራቁ ተንጨረጨረ። መኪናውም ድንቹም የሌላ ሰው ነው። ጸሎት ጀመረ፤ መሐሉ ላይ ጠፋበት።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ስልኩ ጮኸ።

«ሴት ልጅ ናት፤ ደህና ናት» አሉ እማማ አዛለች፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ደስታ የለም። «ሰርካለም ብዙ ደም ፈስሷታል። ገና አልነቃችም። ደም የሚሰጥ ሰው አምጡ እያሉን ነው። የት ነህ፣ ልጄ?»

«መጣሁ፣ እማማ።»

ዘሎ ጋቢና ገባ። ሞተሩን አስነስቶ ፍሬኑን ረገጠ። ብረቱ በርዷል፤ ፔዳሉ ግን አሁንም ልል ነው። በአንደኛ ማርሽ መሞከር ይቻል ነበር። ከፊቱ ያለው ግን ካለፈው የባሰ ቁልቁለት ነው፤ ከግርጌው ባለችው መንደር ደግሞ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። አህያ የሚነዱ ሴቶች ከዚህ ይታዩታል።

ሞተሩን አጠፋ። ድንጋዮቹን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ አጠበቃቸው፤ በሩን ቆለፈ። ወደላይ አየ፤ የሚመጣ መኪና የለም። መጀመሪያ በፈጣን እርምጃ ሄደ፣ ከዚያ ነጠላ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ቁልቁለቱን በሩጫ ተያያዘው።