የኤቨረቱ መርዶ

«ሮጠ!» አሉ አቶ መልከጸዴቅ፣ ከበሩ ገና ሳይዘልቁ። «ሰውዬው ሮጠ'ኮ የኔነሽ!»

ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ቀና አለ። ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። በመስኮቱ በኩል የፊሊፒንስ ሴቶች መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ በበሩ በኩል የሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ሐበሻ እድርተኞች የቡና ቴርሞስ ከበው ተቀምጠዋል። የኔነሽ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ከወንበሯ ብድግ አለች።

«የት ነው የሚሮጠው? ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው!»

«እሱን ለአጥሩ ንገሪው» አሉ ሐጂ ሙሐመድኑር ከኋላ እያለከለኩ። «በጓሮ በኩል ወጣ፣ አጥሩን ያዘ፣ ዘለለ። እኔ ያንን አጥር በሃያ ዓመቴም አልዘለውም ነበር፣ ወላሂ!»

«ታዲያ ነገራችሁት ወይስ ሳትነግሩት መጣችሁ?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«ሐጂ ነግሮታል» አሉ አቶ መልከጸዴቅ። «በአጥር ላይ።»

«ምን ላድርግ? ሊያመልጠን ሲል ‹ብራዘር! ዩር ፍሬንድ ዳይድ!› ብዬ ጮህኩበት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መብራት አበራ። ኋላ የሱቄ ካርድ ላይ አድራሻሽን ጽፌ በሩ ላይ ሰካሁለት። ፖሊስ ሳይጠሩብን ቶሎ ተነሣን።»

የኔነሽ ሳቋ አመለጣት። ባል የሞተባት ሴት ለቀስተኛ ፊት ስትስቅ! ነጠላዋን አፏ ላይ ብትይዝም ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። ሳቁ ሲያልፍ ሰዉን ቀና ብላ ማየት አፈረች።

ነገሩን የጠነሰሰችው ራሷ ናት፤ የምትወቅሰው ሰው የላትም። ፊሊፒናዊው ባሏ ክሪሳንቶ ከሞተ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሆስፒታል ሳለ ጥርት አድርጎ የተናገረው የመጨረሻ ነገር አንድ ብቻ ነበር። «ሳጥኔን ስታነሡ፣ ከፊት በግራ በኩል ዶዶንግ ይያዘኝ» አለ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ዶዶንግ የሚሉት ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ኤቨረት የሚኖር የአውሮፕላን ፋብሪካ ጡረተኛ ሲሆን፣ ክሪሳንቶን ካናገረው ሠላሳ አራት ዓመት አልፎታል።

«አይመጣም፣ ቲታ» ብላት ነበር የባሏ የእኅት ልጅ ሉርደስ። ቲታ በነሱ አክስቴ ማለት ነው፤ ሁለቱ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። «መሞቱን በሜሴንጀር ጻፍኩለት። አይቶታል፤ መልስ ግን የለም።»

«መርዶ በሜሴንጀር?» የኔነሽ ጮኸች። «ሰውዬው ባይመልስልሽ ይፈረድበታል?»

መርዶ ሽማግሌ ተመርጦለት፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ በሩ ድረስ ተኪዶ የሚነገር ነገር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከመች። ሉርደስ ነርስ ናት፤ ሞትን በስልክ ስትናገር የምትውል ሴት ናት። «ኦኬ፣ ሞክሩት» ብላ ተወቻት።

እናም የእድሩ ሊቀመንበር አቶ መልከጸዴቅና የቼሪ መንገዱ ባለሱቅ ሐጂ ሙሐመድኑር ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኤቨረት ደረሱ። ደንቡ በሚያዘው መሠረት በሩ ላይ ዝም ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሐበሻ ቢሆን ኖሮ ገና ሲያያቸው እንባው ይቀድማቸው ነበር። ዶዶንግ ግን በሽምቅ ተዋጊነት ዘጠኝ ዓመት ጫካ የኖረ ሰው ነው። ጎሕ ሳይቀድ በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ጥቁር ለባሾች፣ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና፣ አንዲት ቃል የማይተነፍሱ ሰዎች! እንዲህ ያለው ነገር በሱ አገር ምን እንደሚያስከትል ጠንቅቆ ያውቀዋል።

የኔነሽ ባሏን ያወቀችው በአንሶላ ነው። ሁለቱም መሃል ከተማ ባለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሠሩ ነበር። ትልቅ አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም፤ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይዞ መቀራረብ ግድ ነው። በቀን አራት መቶ ጊዜ ተቀራርበው አለመጋባት ያስቸግር ነበር። በነገራችን ላይ ያ ሁሉ ሲሆን እሷ አርባ አምስት፣ እሱ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። «አገርህ ምን ትሠራ ነበር?» ብላ ስትጠይቀው «መንግሥት መሥሪያ ቤት» አላት። ጸሐፊ መሰላት። አንሶላውን ሲያጥፍ ከነበረው ጥንቃቄ የተነሣ፣ የመዝገብ ቤት ሰው ሳይሆን አይቀርም ብላ ደመደመች።

ሁለት ፎቶ ግራፎች በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ጠረጴዛው ላይ ባይቀመጡ ኖሮ ዛሬም እንዲያ እንደመሰላት ትቀር ነበር። በአንደኛው ሦስት ቀጫጭን ወጣቶች ሸንኮራ አገዳ መሃል ጠብመንጃ ይዘው ቆመዋል፤ ክሪሳንቶ፣ ዶዶንግና የዶዶንግ ታናሽ ወንድም ኔስቶር። በሁለተኛው ያው ክሪሳንቶ ወፍሮ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ባንዲራ ከኋላው ተተክሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ምክትል የመሬት ሚኒስትር» አለቻት ሉርደስ። «አልነገረሽም?»

የኔነሽ በአብዮት ዘመን ያደገች ናት። ትናንት ለድኻው እሞታለሁ ያለ ሰው ዛሬ ወንበር ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ማንም አያስተምራትም። ሁለቱን ፎቶዎች አቀራርባ አየቻቸው። አሥራ ሰባት ዓመት አጠገቤ የተኛው ሰው ከየትኞቹ ነበር? ለቀስተኛውም ቢሆን አልተስማማም። አንዲት አሮጊት አባቷ ከክሪሳንቶ እጅ የተቀበለውን የመሬት ወረቀት እያነሣች አለቀሰች፤ በዘር ማንዘራቸው የራሱን መሬት ያረሰ አባቷ የመጀመሪያው ነበር። ከወጥ ቤት በኩል ደግሞ ሹክሹክታ ይሰማል። ወጣቶቹን ታጋዮች ሰላም ነው ብሎ ከጫካ ያስወረዳቸው እሱ ነው፤ የባለርስቶቹ ገዳዮች አንድ በአንድ ሲለቅሟቸው እሱ ቢሮው ነበር ይላሉ። በሹክሹክታው ሁሉ ውስጥ የማይቀር ስም ዶዶንግ ነው። የኔነሽም አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አለች። ሰውዬው ይምጣልኝ፤ ባሌን ከምድር ሲያነሡት አብሮ ያንሣልኝ፤ ሌላውን እግዚአብሔር ይፍረድ አለች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አጭር፣ ቆፍጣና ሽማግሌ የግራ መዳፉን በፕላስተር ጠቅልሎ፣ የሐጂን ካርድ ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሟል። ወዲያው ቤቱ በሹክሹክታ ተናጠ። ዶዶንግ! ዶዶንግ!

«እነዚያን ሰዎች የላከብኝ ማን ነው?» አለ በእንግሊዝኛ።

«እኔ ነኝ» አለች የኔነሽ።

«ለምን?»

«በእኛ አገር የወንድም መርዶ የሚነገረው እንደዚያ ነው።»

«ወንድሙ አይደለሁም።»

«ሳጥኔን ይያዝልኝ ብሎ ስሙን የጠራው ሰው ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሐጂ ሙሐመድኑር በኃፍረት ተነሥተው «ሶሪ፣ ብራዘር» እያሉ ወንበራቸውን ለቀቁለት። ዶዶንግ ተቀምጦ ሁለቱን ሽማግሌዎች በተራ በተራ አያቸው።

«መኪናውን ለምን አላጠፋችሁትም?»

«ባትሪው ደካማ ነው» አሉ አቶ መልከጸዴቅ። «ካጠፋሁት አይነሣም።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዶዶንግም ከንፈሩ ሊፈታ ትንሽ ቀረው፤ ከዚያ ተመልሶ ጨለመ።

«ምን እንዳደረገኝ ነግሮሻል?» አላት።

«አልነገረኝም።»

«ወንድሜ ኔስቶርና እሱ ዘጠኝ ዓመት አንድ ብርድ ልብስ ለብሰዋል። ኔስቶር ከጫካ የወረደው በሱ ቃል ነው። በወረደ በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ላይ ገደሉት። ያኔ ክሪሳንቶ ምክትል ሚኒስትር ነው። መኪና አለው፣ ሹፌር አለው። እሱ ግን ደብዳቤ ላከ፤ ማኅተም ያለበት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ገባሽ? የወንድሜን ሞት ለእናቴ በእኔ አፍ አስነገራት። አንቺ ለማታውቂው ሰው ሽማግሌ ላክሽ። እሱ ለእናቴ ወረቀት ላከ።»

የኔነሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። በአርባ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲሄዱ፣ ጀልባ ለማሳለፍ የሞንትሌክ ድልድይ ተከፈተ፤ አውቶቡሱም ቆመ። ክሪሳንቶ በድንገት ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ አንድ ጊዜ ከድልድይ ተመልሻለሁ» አላት። «ማዶ የአንዲት እናት ቤት ነበር። ክፉ ወሬ ይዤላት ሄጄ ድልድዩ ላይ ስደርስ ሹፌሩን ተመለስ አልኩት። በማግስቱ ደብዳቤ ላክሁ። በዓመቱ ሥራውን ተውኩት፤ ግን ምን ይጠቅማል?» የማን እናት እንደሆነች ብትጠይቀው ድልድዩ እስኪዘጋ በመስኮት ማየት ብቻ ሆነ።

ይህንን ሁሉ ለዶዶንግ ነገረችው። ስትነግረው ድምጿ ይቸኩላል፤ አሁን ይቅር ይለዋል፣ አሁን እሺ ይላል እያለች ነበር። ሉርደስም ለሴቶቹ በቋንቋቸው እየተረጎመች ነው። ሁሉም ወደፊት አዘንብለው ይሰማሉ።

«የትኛው ድልድይ?» አለ ዶዶንግ። «የቀርከሃው ወይስ የሲሚንቶው?»

«በመኪና ነው የሄደው።»

«የሲሚንቶው ነዋ!» ተነሣ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። «ከዚያ ላይ ሆኖ ቤታችን ይታያል። እናቴ ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው። አይቷታል ማለት ነው! አይቷት ነው የተመለሰው!»

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። የኔነሽ «ምነው ምላሴን በቆረጠው!» እያለች ጉልበቷን መታች። ሐጂ «አይዞሽ እህቴ፣ ለበጎ ነው» ቢሏትም ራሳቸውም ያመኑበት አይመስልም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆነ። የቀብር አስፈጻሚው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ካህኑ ጸሎቱን ጨርሰዋል፤ ሳጥኑ ተዘግቷል። አምስት ሰዎች የሳጥኑን እጀታ ለመያዝ በየቦታቸው ቆመዋል፤ አቶ መልከጸዴቅ ከፊት በቀኝ፣ ሐጂ ከኋላቸው። የፊት ግራው ቦታ ክፍት ነው። አስፈጻሚው ሰዓቱን አየ። ሌላ ሬሳ ተረኛ ነው፤ የዚያኛውም ቤተሰብ ኮሪደሩ ላይ መሰብሰብ ጀምሯል።

«ቲታ፣ ባሌ ይያዘው» አለች ሉርደስ።

«አምስት ደቂቃ።»

«አሥር ጠበቅን'ኮ።»

«አምስት ብቻ ጨምሩልኝ። ሞቶ ካሁን በኋላ የት ይቸኩላል?»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ ቆመ። አንዷ በመስኮት ታያለች፣ ሌላዋ እስከ ደረጃው ሄዳ ትመለሳለች። በሩ ተከፈተ ሲባል የአበባ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ተከፈተ ሲባል ደግሞ አንድ መንገድ የጠፋበት እንግዳ። የኔነሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጨመቀች ቆማለች። አምስቱ ደቂቃ አለቀ። አስፈጻሚው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ የሉርደስ ባልም ኮቱን እያስተካከለ ወደፊት መጣ።

በዚያች ቅጽበት ነው ዶዶንግ የገባው። የአገሩን ስስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ላብ አጥምቆታል። ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ የኔነሽ ሄደ።

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ፓርኪንግ ውስጥ ነበርኩ» አላት በዝቅተኛ ድምፅ። «ሁለት ጊዜ መኪናዬን አስነሥቼ ነበር፤ ልመለስ። ከመኪናዬ እስከዚህ በር አርባ እርምጃ አይሞላም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አቃተኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድልድዩ ላይ የቆመውን እሱን ሳስብ ነበር።»

የኔነሽ ዓይኗ የሰውዬው አንገት ላይ አረፈ። ኮሌታው በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የላይኛው ቁልፍም ክፍት ነው። ጣቶቹ በሪህ ተቆልምመዋል፤ መቆለፍ አቅቶት መሆን አለበት። ክሪሳንቶም በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንዲሁ ነበር፤ በየማለዳው አገጩን ቀና አድርጎላት የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እሷ ነበረች።

ሳታስበው እጇ ሄደ። ኮሌታውን አውጥታ አቃናችው። ቁልፉን ቆለፈችው። ቆልፋ ስትጨርስ ግን ጣቶቿን ከሸሚዙ ላይ ማንሣት አቃታት፤ እዚያው ይዛው ቆማ አለቀሰች።

ዶዶንግ አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቃት።