የጋሼ ደጋን

ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከመሞቱ በፊት ደጋን እንድሠራለት አዞኝ ነበር። ሮቢኒያ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ ቆርጦ ያመጣልኝ እሱ ነው፤ አንዲት ፍላጻም በእጁ ቀርጾ ሰጥቶኛል። ሲሞት ግን «የሞተ ሰው ምን ይወጋል?» ብዬ ደጋኑን ለራሴ አደረግሁት። ክንዴ ከእሱ ስለሚያጥር በራሴ ልክ አስተካከልኩት።

ደጋን ባንዴ ከሳቡት ይሰበራል። ስለዚህ የሥራ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥርስ ያወጣሁለት እንጨት አለ። ደጋኑን ከእንጨቱ ጫፍ ላይ አጋድሜ አውታሩን ከአንዱ ጥርስ ወደ ታችኛው እያወረድኩ ደጋኑን መታጠፍ አስለምደዋለሁ። ታጥፎ ያደረ ደጋን ስለሚሰንፍ ሥራ ሳቆም አውታሩን ከጥርሱ አላቅቃለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ግን ተስቦ አገኘሁት፣ ያውም ከእኔ ክንድ ልክ አንድ ጥርስ ዝቅ ብሎ።

«አንቺ ነሽ የነካሽው?» አልኳት ሚስቴን።

«የሟች ዕቃ እነካለሁ እንዴ? አንተን መሰልኩህ?»

አውታሩን አላቅቄ፣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በነጋታው አውታሩ የበለጠ ወርዶ፣ ድሮ የጋሼን ክንድ ለክቼ በጠመኔ ምልክት ያደረግሁበት ጥርስ ላይ ቆሟል።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ አርፈህ ተኛ!» ብዬ ጮህኩና ከእኔ ልክ በታች ያሉትን ጥርሶች በሙሉ በመጋዝ ገዘገዝኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩ። ደጋኑ ሳይሳብ ጸጥ ብሎ ተሰቅሏል። ተመስገን ብዬ ልቀመጥ ወንበሬን ሳብኩ።

የጋሼ ፍላጻ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰክታለች፣ ልክ ጀርባዬ በሚያርፍበት ቦታ።