ሆን ተብሎ የቀጠነ

«ምንም አልሆነም» አለ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ፣ ባሱን የሚባለውን ረጅም የእንጨት መሣሪያ አንዴ ከነፋው በኋላ።

«እንዴት ምንም አልሆነም?» ሸምሰዲን ተናደደ። «ልጄ ስትነፋው እኮ ይታነቃል! ይሄን የሚያህል ቱቦ ድምፁ ይቀጥናል?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲቲስኬፕ ሰፈር ያለው ቤቱ ሰላም አጥቷል። ልጁ ሃናን ምድር ቤት ገብታ ያችኑ ጥቂት መስመር ትነፋለች፤ ከሌሊት ሺፍት የምትገባው ሚስቱ ራሂማ ትራስ ጆሮዋ ላይ ጭና ትተኛለች። ዛሬ ሃናን፣ የትምህርት ቤቷ ኦርኬስትራ ብቻውን የሚነፋውን ለሚመርጥበት ፈተና «ለኦዲሽኑ ይዘህልኝ ና» ስትለው፣ በመንገዱ ላስጠግንላት ብሎ ለማንም ሳይናገር እዚህ ይዞት መጣ። ወረፋው አንድ ሰዓት ፈጀበት።

ጠጋኙ ከሣጥኑ ኪስ የኖታውን ወረቀት አውጥቶ አየና ሳቀ።

«አንድ ሩሲያዊ ከመቶ ዓመት በፊት ለባሌት ዳንስ የጻፈው ነው። መክፈቻውን ሆን ብሎ ነው ወደ ላይኛው ቀጭን ድምፅ የሰቀለው።»

«ቀጭን ድምፅ ከፈለገ ለዋሽንት አይሰጠውም ነበር?»

«ለዋሽንት ይቀለዋል። እሱ የፈለገው ጭንቀቱን ነው።»

ይሄ ሰውዬ የጤና አይደለም፣ ሲል አሰበ ሸምሰዲን። ስልኩ ጮኸ።

«ባባ፣ ባሱኔ የታለ? ኦዲሽኔ እኮ ትሪ ሰርቲ ነው!»

«ላስጠግንልሽ ብዬ…»

«ብሮክን አይደለም! ስንቴ ነገርኩህ? ካልደረስኩ፣ ላይክ፣ ሶሎውን ለሌላው ነፊ ለኖኅ ነው የሚሰጡት!»

ለዘጠኝ ተኩል ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። የሚሠራበትን ታክሲ አስነስቶ ሲበር፣ ከጎረቤት ከተማው ከኤርድሪ የመጣው መኪና ሁሉ ተማክሮ የወጣ ይመስል መንገዱ ተዘጋ። ፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ሰደበ፣ ሩሲያዊውን ሰደበ፣ በመጨረሻ ራሱን ሰደበ። ልጁን አንዴ እንኳ አምኗት ቢሆን ምን ነበረበት?

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትጠብቀው የነበረችው ሃናን ሣጥኑን ከእጁ መንጭቃ ሮጠች። ቀና ብላም አላየችው። እሱም ተከትሏት ገብቶ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ጋሽ ኪራኮስ፣ ጎማው የሚንጫጫ ባልዲ እየገፉ መጡ።

ከተዘጋው በር ኋላ ያ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ተነሣ። ተንቀጠቀጠ፣ ሊቆረጥ ደረሰ፣ ግን አልተቆረጠም። ሸምሰዲን ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ። ለካ ይህን ሁሉ ቀን ተበላሽቷል ሲለው የነበረው ይሄ ነው።

«ምነው ሸምሱ፣ የልጅቷ መሣሪያ ተበላሸ እንዴ?» አሉ ጋሽ ኪራኮስ።

«አልተበላሸም ጋሼ። እንዲያ ነው የተጻፈው።»

ስልኩ የኤርፖርት ተሳፋሪ ጥሪ አሳየው። ሳይቀበለው አጠፋው። ሽማግሌው ባልዲያቸውን መግፋት ሲጀምሩ ጎማው ተንጫጫ፤ ሸምሰዲን ጎንበስ ብሎ ባልዲውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ልጄ እስክትጨርስ አያንቀሳቅሱት።»