ያጣደፈ ተሸነፈ

የአዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ሠራተኞች ድሮ ባቡር ሲዘገይባቸው የሚጫወቱት ጨዋታ ነበራቸው። ከባሕር ማዶ መጥቶ እኛ ዘንድ የተለመደ፣ ሲጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ የሆነ ቃል መጥራት ነው። የተጠራ አይደገምም። ተረኛው እያሰበ ሳለ አፍ መክፈት ደግሞ ነውር ነው፤ "ያጣደፈ ተሸነፈ" ይላሉ። ባቡር ለሚጠብቅ ሰው ደግ ሕግ ነው። መሪ ለጨበጠ ሰው ግን ምን ሊረባ!

ከእነዚያ ሠራተኞች አንዱ የነበሩት ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ጨዋታውን ለልጃቸው ለማርቲ አስተማሩ፤ እሷ ደግሞ ለባሏ ለታዴዎስ። ታዴዎስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ እንቅልፍ ከተጫነው ይደውልላትና በስልክ ይጫወታሉ።

ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ ደወለ። ፀሎት የምትባለው ሕፃን ልጃቸው ክርስትና የምትነሳው በማግስቱ ነበር።

"ሰመራን አለፍኩ። ዓይኔ ግን አልገለጥ አለኝ፤ ወደብ ላይ ተራ ስጠብቅ ነው ያደርኩት።"

"ሎጊያ አቁምና ትንሽ ጋደም በላ!"

"ካቆምኩማ ክርስትናው ያመልጠኛል። ይልቅ ጀምሪ።"

"እሺ፣ ጎማ።"

"ቢራ። ለነገ ገዝተሻል አይደል?"

"ተገዝቷል። ሱቅ።"

"ኬክ።"

ማርቲ ለዚህ ጊዜ ያቆየችው ቃል ነበራት። "ቦቴ!" አለች።

ታዴዎስ ዝም አለ። የሞተሩ ድምፅ ይሰማታል፤ እያሰበ ነው ብላለች። ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። አሸንፋው አታውቅም፤ ዛሬስ ይዤዋለሁ አለች በልቧ። አንዴ ስሙን ልትጠራ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ሕጉ ትዝ አላትና መለሰችው። ከዚያ የሌላ መኪና ጥሩምባ ረዥም ጮኸ። ስልኩ ተቋረጠ።

ሎጊያ ሳይደርስ መኪናው መንገድ ስቶ ተገልብጦ አገኙት። "ፍሬን እንኳ አልያዘም፤ ተኝቶ ነው" አለ ትራፊኩ።

ለክርስትናው የተተከለው ድንኳን ለለቅሶ ዋለ። ለቀስተኛ ሁሉ "አይዞሽ፣ የእግዜር ሥራ ነው" ይላታል። የእግዜር ሥራ! ማርቲ ስለ ጨዋታው የነገረችው ለአባቷ ብቻ ነው። ሽማግሌው ከሰሙ ወዲህ ቀና ብለው አላዩዋትም።

ከሰልስቱ በኋላ ፀሎት በአያቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ማርቲ ከደጅ ሮጣ ገባችና የሕፃኗን እግር ቆነጠጠች።

"ተያት እንጂ ልጄ፣ ተኝታ እኮ ነው ዝም ያለችው።"

"እሱም ተኝቶ ነው ዝም ያለኝ፣ አባባ።"

ማርቲ ደግማ ቆነጠጠቻት። ፀሎት ጮኻ ማልቀስ ስትጀምር እናቷ ተነፈሰች።